ግብሩ ተጽፎልናል፤ ጓዳውንስ ማን ይጻፈው?

(በአንድ የመጻሕፍት ወዳጆች ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለጋዜጣው አምድ እንዲመጥን ጥቂት ተቀንሶለታል።)



ስለ ምግብ ታሪክ እንድናገር መጠየቄን የሰማ አንድ ወዳጄ «በዚህ ኑሮ ላይ የምግብ ታሪክ? የሚበላው መቼ ተገኘና ነው ታሪኩ የሚወራው?» አለኝ። ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም። እኔም ዛሬ እዚህ የቆምኩት የዶሮ ወጥ አሠራር ላስረዳችሁ አይደለም። ለእሱማ ከፊቴ የተቀመጡት እናቶች ይበቃሉ። የመጣሁት፣ ምሁራን ስለ ማዕዳችን የጻፏቸውን መጻሕፍት ገልጠን ስናነብ በዚህች አገር ማን ሲበላ፣ ማን ሲያበላ፣ ማን ደግሞ ጦሙን ሲያድር እንደኖረ እንዴት ቁልጭ ብሎ እንደሚታይ ላሳያችሁ ነው።

በእኛ ባሕል ስለ ሆድ ማውራት ነውር ነው። ልጅ ሆነን «ሆዳም» መባልን የፈራነውን ያህል ሌላ ስድብ የፈራን አይመስለኝም። የታሪክ ጸሐፊዎቻችንም በዚሁ ምክር ያደጉ ናቸውና ስለ ዘመቻና ስለ ዙፋን ሲጽፉ ኖረው ስለ ሞሰቡ ሲደርሱ ብዕራቸው አንገቱን ይደፋል። ስለዚህ ስለ እንጀራችን ታሪክ ለማንበብ የፈለገ ሰው፣ ይብዛም ይነስ፣ በፈረንጅ አፍ የተጻፈ መጽሐፍ ፍለጋ መሄዱ አይቀርም። ይህ ራሱ አንድ ትዝብት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ የራሳችንን ቃል ላንሳ፤ «ግብር» የምትለውን። ገበሬው ከጎተራው አውጥቶ ለመንግሥት የሚሰጠው ግብር ይባላል። ንጉሡ ወይም መኳንንቱ በአዳራሽ ሰብስበው ለሠራዊቱ የሚያበሉትና የሚያጠጡትም ግብር ይባላል። አንዱ «ግብር ገበረ»፣ ሌላው «ግብር አበላ» ነው። ቃሉ አንድ፣ እህሉም አንድ። ልዩነቱ አንደኛው ሲሰጥ ስሙ የማይነሳ፣ ሁለተኛው ሲሰጥ አዝማሪ የሚዘፍንለት መሆኑ ብቻ ነው! «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችንም ከሌላ ቦታ አልመጣም፤ ከዚያው ከግብር አዳራሽ የወጣ ነው። ዛሬም አንድ ሹም የመንግሥት ገንዘብ ሲያጎድል «ሰረቀ» ከማለት ይልቅ «በላ» ይቀለናል። ቋንቋችን ከታሪክ ጸሐፊዎቻችን ይልቅ ደፋር ነበር ማለት ነው።

ይህን በጽሑፍ ማየት ለሚፈልግ «ሥርዓተ ግብር» የሚባል ጥንታዊ ሰነድ አለ። ማንፍሬድ ክሮፕ የተባሉ ጀርመናዊ የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለዚሁ ሰነድ ባወጡት ጽሑፍ፣ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ድንኳን ውስጥ ለየትኛው በዓል፣ ለየትኛው ሹም፣ ምን ምን እንደሚቀርብ የሚዘረዝር መሆኑን አሳይተዋል። ከዚህ የሚገርመው ደግሞ ሰነዱ በግእዝ መካከል ብዙ የጥንት አማርኛ ቃላት የያዘ መሆኑ ነው። እስቲ አስቡት፤ ከጥንታዊ አማርኛ እጃችን ላይ ከቀሩት ምስክሮች አንዱ የምግብ ዝርዝር ነው! አማርኛ ወረቀት ላይ ሲወጣ ጠጅና እንጀራ እየቆጠረ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በራሳችን ሰው፣ በራሳችን ቋንቋ ከተጻፉት መካከል ደግሞ የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» አለ። በ1942 ዓ.ም. የታተመ ነው። ያላችሁ ሰዎች እንዳታውሱት፤ አይመለስም። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የቤተ መንግሥቱ ሥራ ቤት እንዴት ይተዳደር እንደነበር፣ የግብሩ ሥርዓት፣ የመሬቱ ስሪት፣ የገባሩ ግዴታ አንድ ላይ ሰፍሯል። ጥሩነቱም ይሄ ነው። ለማድ ቤት የተለየ መሬት ነበረ፤ የዚያ መሬት እህል በቀጥታ ወደ ንጉሡ ወጥ ቤት ይሄዳል። ማር የሚያገባው ማር፣ በግ የሚያገባው በግ፣ ማገዶ የሚያገባው ማገዶ። ደራሲው የመሳፍንቱን ሥርዓት ለማውገዝ የጻፉት አይደለም፤ እንዲያውም እንዳይረሳ ነው የጻፉት። ግን እንዲህ ዝርዝር አድርጎ መጻፍ ራሱ ይመሰክራል። ገበሬው ምን ያህል ተሸክሞ ይመጣ እንደነበር በቁጥር ሲነበብ ሌላ መፈክር አያስፈልገውም።

አዳራሹ ውስጥም ቢሆን ሁሉም እኩል አይበላም ነበር። የበሬው ብልት በማዕረግ ነው የሚከፈለው። ሻኛው፣ ሽንጡ፣ ታላቁ፣ ታናሹ፣ ፍሪምባው፣ እያንዳንዱ የሚገባው ሰው ነበረው። ከጌታው አጠገብ የተቀመጠው ጠጅ ሲጠጣ ከበሩ አጠገብ ያለው ጠላ ይቀዳለታል፤ መጀመሪያ መኳንንቱ፣ ቀጥሎ ጭፍራው፣ በመጨረሻ ደግሞ የተረፈውን የሚጠብቀው ድሃ። እኔ እንደማየው ግብር የመንግሥት መዋቅር ነበር። የሥልጣን ተዋረዱን በወረቀት ሳይሆን በሥጋ የሚያሳይ መዋቅር።

አሁን ትንሽ ወደ ፈረንጆቹ እንሻገር።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 እዚህ ቆይቶ ያየውን የጻፈው መጽሐፍ በ1540 ሊዝበን ላይ ታተመ። በአንጎት አንድ ትልቅ ሹም ጋብዞት ጥሬ ሥጋ ከሐሞት ጋር ሲቀርብ አይቶ እንዴት እንደተጨነቀ ያወሳል። ይሄን የሚያነብ ያገሬ ሰው ይስቃል። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ፖርቱጋሎቹ ለዐፄ ልብነ ድንግል ካቀረቡት ስጦታ መካከል ቁንዶ በርበሬ ነበረበት። ለንጉሥ የሚሰጥ ውድ ዕቃ ነበር ማለት ነው። ቀዩ በርበሬያችንስ? እሱ የአሜሪካ ተክል ነው። ኮሎምበስ አሜሪካን ከረገጠ በአልቫሬዝ ዘመን ገና 30 ዓመት አልሞላውም። ዛሬ «ያለ እሱ ሐበሻነት የለም» የምንለው በርበሬ፣ ባሕር አቋርጦ የመጣ እንግዳ ነው። የዛጉዌ ነገሥታት የቀይ ወጥ ጣዕም አያውቁም ነበር። ይህን ስል ፊታችሁ ላይ ቅሬታ አያለሁ፤ ምን ላድርግ፣ የእጽዋት ሊቃውንቱን ጠይቁ።

በቆሎም እንዲሁ ነው። ስሙ ይመሰክራል፤ በአንዳንድ ቦታ «የባሕር ማሽላ» ይባላል። ጄምስ ማካን የተባሉ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ስለ በቆሎ በአፍሪካ ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2005 አውጥተዋል። ከባሕር ማዶ የመጣው በቆሎ ዛሬ በምርት ብዛት ከእህሎቻችን ሁሉ አንደኛ ነው። ድንችን ደግሞ ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የእጽዋት ተመራማሪ ነው በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አምጥቶ ያስተዋወቀን። ይህን ሁሉ የምናገረው ማዕዳችንን ለማጣጣል አይደለም። እንግዳውን ተቀብሎ የራሱ ያደረገ ሕዝብ ነው ለማለት ነው። «ንጹሕ» ባሕል አለን እያለ ጎረቤቱን የሚያገል ሁሉ በርበሬውን አስቀምጦ ይከራከረኝ።

ስለ ጄምስ ብሩስ ያልሰማ የለም። ስኮትላንዳዊው ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 መጥቶ፣ ጎንደር ከርሞ፣ በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፍ አወጣ። ወታደሮች አክሱም አካባቢ ከቁም ላም ሥጋ ቆርጠው ቆዳዋን መልሰው ሲነዷት አየሁ ብሎ በመጻፉ ለንደን ውስጥ ውሸታም ተባለ፤ መቶ ዓመት ተሳቀበት። ሰውየው ግን በዚያው መጽሐፍ የመጨረሻ ቅጽ ውስጥ ጤፍንና እንሰትን በሥዕል አስደግፎ አስተዋውቋል። ያንን ማን ያነሣዋል? የላሟ ወሬ ዓለምን ሲዞር የጤፉ ሥዕል መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጣ። ስለዚህ ሥዕል ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ያዙልኝ።

ስለ ቡና ሳላነሣ ባልፍ ትጣሉኛላችሁ። በየማስታወቂያው «የሦስት ሺህ ዘመን የቡና ሥርዓታችን» ሲባል እንሰማለን። ወይዘሮ ሪታ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ቡና አፈላል ሥርዓትና ስለ ቡና መጠጣት ታሪክ ያቀረቡት ጥናት ግን ሌላ ነው የሚለው። ቡና የእስላምና የኦሮሞ መጠጥ ነው ተብሎ በቤተ ክህነት ሲወገዝ ኖሮ፣ በክርስቲያኑ ዘንድ በሰፊው የገባው በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ምኒልክ ራሳቸው ጠጡ፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ውግዘቱ እንዲላላ ረዱ። ፍየሎቹ ሲዘሉ አየ የተባለው እረኛ ታሪክ እንኳ እኛ ዘንድ ሳይሆን ሮም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1671 ነው መጀመሪያ የታተመው፤ ያን ጊዜ እረኛው «ካልዲ» የሚል ስምም አልነበረውም። እንግዲህ አያቶቻችን ያወገዙትን እኛ የአገር መታወቂያ አድርገነዋል። ደግ አደረግን። ግን ቡናውን ለዘመናት ሲያፈላ፣ ሲመርቅበትና ሲጸልይበት የኖረውን ሕዝብ ስሙን ሳናነሣ «የሁላችን የጥንት ሥርዓት» ማለት የሰው ሰንደቅ ሰርቆ እንደመስቀል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

እኚሁ ፕሮፌሰር ማካን እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ አፍሪካ የምግብ አሠራር ታሪክ ባወጡት መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሰጡት ለወይዘሮ ጣይቱ ግብዣ ነው። በ1887 (እ.ኤ.አ.) የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ፣ ጣይቱ ገና እቴጌ ሳይባሉ፣ ለቀናት የቆየ ታላቅ ግብር አበሉ። በሺህ የሚቆጠር ከብት ታርዷል፤ ጠጁ በቦይ ነው የወረደው። ፕሮፌሰሩ «ብሔራዊ ማዕድ» የምንለው ነገር በዚያ ግብዣ ላይ መልክ ያዘ ይላሉ። የዓይነቱ ብዛት፣ ከየአቅጣጫው የመጣው ቅመምና ማር፣ ሁሉም የአዲሱን መንግሥት ስፋት የሚያሳይ ነበር፤ ምግብ ፖለቲካ ሆነ ማለት ነው። መጽሐፉ ግሩም ነው፤ አንብቡት። እኔ የማልስማማበት አንድ ቦታ አለኝ። ዛሬ በአዲስ አበባ ሬስቶራንት ሞሰብ ላይ የምናየው ማዕድ ሁሉ ከቤተ መንግሥት የወረደ አይደለም። ክትፎን ውሰዱ፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ በግቢ በር ሳይሆን በመርካቶ በር ነው የገባው። ያገባውም በንግድና በጉልበቱ ያደረ ሰው ነው።

ያን ግብዣ አስታውሱልኝና የቀን መቁጠሪያውን አንድ ዓመት ብቻ ወደፊት ግለጡት። ክፉ ቀን!

ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የሆነውን ከሪቻርድ ፓንክረስት የበለጠ የመረመረ የለም። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 እዚሁ አዲስ አበባ ያረፉት እኚህ ሰው፣ ከ20ኛው ምዕት ዓመት በፊት ስለነበሩ ረሃቦችና ወረርሽኞች እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ መጽሐፍ አሳትመዋል። ጣልያኖች በምፅዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች አማካይነት የከብት ቸነፈር ገባ። ከአገሪቱ ከብት እስከ ዘጠኝ አሥረኛው አለቀ ይባላል። በሬ አለቀ ማለት ማረሻ ቆመ ማለት ነው። ማረሻ ቆመ ማለት ጎተራ ባዶ ሆነ ማለት ነው። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩበት። ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ ሲነገር ኖሯል። ምኒልክ ለሰው አርአያ እንዲሆን ብለው በእጃቸው ዶማ ይዘው መሬት መቆፈራቸውም ተጽፏል። እዚህ ላይ ላመሰግናቸው እወዳለሁ። ችግሩን አልደበቁም፤ ረሃቡን «ረሃብ» ብለው ጠሩት። ይህን የምለው ከሳቸው በኋላ የመጡት ምን እንዳደረጉ ስለማውቅ ነው።

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ነው ያረፉት፤ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ስለነበሩት የገጠር ረሃቦች በእንግሊዝኛ የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1984 ወጣ። እኔ ይህን መጽሐፍ የምግብ ታሪክ መጽሐፍ ነው እላለሁ፤ ምግብ የጠፋበት የምግብ ታሪክ። ከዚያ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ ሌላው ቢቀር እሱን ይዛችሁልኝ ሂዱ። በወሎ ወረኢሉ አውራጃ እህል መጥፋቱን የሚገልጽ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1965 ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ። ያ ወረቀት ከዚያ ተነስቶ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ እስኪደርስ 302 ቀን ፈጀ። ሦስት መቶ ሁለት ቀን! ቢሮው ከቤተ መንግሥቱ በእግር ይደረሳል። ንጉሠ ነገሥቱም እርምጃ ይወሰድ ብለው ለሚኒስቴሩ አዘዙ። ሚኒስቴሩ ምን እርምጃ ወሰደ? «የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ይላክልን» ብሎ ወደ ወሎ ጻፈ።

እናንተ ዝም እንዳላችሁ እኔም ያነበብኩ ዕለት መጽሐፉን ዘግቼ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብያለሁ። በቤተ መንግሥት ማን ሻኛ እንደሚበላ የሚያውቅ ሥርዓት፣ በወረኢሉ ማን እንደሚራብ ለማወቅ ሰው እስኪሞት ጠበቀ። የሞተ ሰው ግብር ስለማይከፍል ለመዝገቡ ግን ያስፈልጋል።

ሰባት ዓመት ሳይሞላው ሌላው የወሎ ረሃብ መጣ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ያን ጊዜ ሄደው አይተው፣ ፎቶግራፍ አንሥተው መጥተው አሳዩ፤ ሰሚ ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1973 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ለዓለም ካሳየው በኋላ ነው ጉዳዩ ጉዳይ የሆነው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት መጽሐፍ ውስጥ ስለዚህ ረሃብ አንድ ምዕራፍ አለ። የሴን ነጥብ ቀላልና መራራ ነው። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። ለምን? የሚገዛ ስለሌለ። ገበሬው የሚሸጠው ነገርም ገንዘብም የለውም። እንዲያውም ረሃቡ ባለበት ሰዓት ከወሎ እህል ተጭኖ ይወጣ ነበር። ስለዚህ «ድርቅ መጣ፣ ሰው አለቀ፣ የእግዜር ቁጣ ነው» የሚለው ወሬ በቂ መልስ አይደለም። ሰው የሚሞተው እህል ስለሌለ ብቻ አይደለም፤ ወደ እህሉ የሚያደርሰው መንገድ ስለሌለውም ነው። ሴን ቆየት ብለው የጨመሩት ደግሞ ለእኛ ለጋዜጣ አንባቢዎች ነው፤ ነጻ ጋዜጣና ተጠያቂ መንግሥት ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ ደርሶ አያውቅም ይላሉ። አዟሪው ልጅ ብብቱ ሥር የሚይዘው ወረቀት ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እህልም ነው።

ደርግም ከዚህ አልተማረም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አሥረኛው የአብዮት በዓል ሲከበር አዲስ አበባ በመብራትና በባንዲራ ስትንቆጠቆጥ ሰሜኑ እየረገፈ ነበር። የዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽነር የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ከአገር ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1989 በጻፉት መጽሐፍ የበዓሉ ድግስና የረሃቡ ሪፖርት እንዴት ጎን ለጎን ይሄዱ እንደነበር አስፍረውታል። ከበዓሉ በኋላ በኦክቶበር የቢቢሲ ካሜራ ኮረም ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልተቻለም። አሁንም ፈረንጅ እስኪያየው ድረስ!

«ያ ሁሉ አለፈ» የሚለኝ ካለ አላለፈም እለዋለሁ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የተሳተፉበት ጥናት በትግራይ ከ350 ሺህ በላይ ሕዝብ በመጨረሻው የረሃብ እርከን ላይ ነው ሲል፣ በዚያው ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለቢቢሲ በትግራይ ረሃብ የለም አሉ። ዘውድ፣ ቀይ ኮከብ፣ ምርጫ ቦርድ፣ ሁሉም ተፈራረቁ፤ «ረሃብ» የምትለው ቃል ግን ዛሬም ፈቃድ ትጠይቃለች። በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ 10 ሺህ ብር ሲወጣስ? ጤፍ አገሩ ውስጥ አልነበረም? ነበረ። ከገበሬው ጎተራ እስከ እኛ ወፍጮ ቤት ያለው መንገድ ነው የታመመው። ሴንን ለማንበብ ጊዜ ያጣ ሰው እህል በረንዳ ሄዶ ቆሞ ቢመለከት ይበቃዋል።

ስለ ጤፍ ካነሣሁ ያቺን የብሩስን ሥዕል ላውጣት። አንድ የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከእኛ የብዝሀ ሕይወትና የግብርና ምርምር መሥሪያ ቤቶች ጋር ዘሩን ወስዶ ጥቅሙን ለማካፈል ተዋዋለ። በጎን ግን የጤፍ ዱቄትን ማቀነባበርና ከዱቄቱ የሚሠሩትን ምግቦች «የኔ ፈጠራ ነው» ብሎ አመልክቶ ኖሮ፣ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው! ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ነገሩን መርምረው ባወጡት ጥናት፣ ኢትዮጵያ ከዚህ ሁሉ ያገኘችው ወደ 4 ሺህ ዩሮ ብቻ ነው። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ተላልፎ ኖረ። ጤፍ እኮ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በብሩስ መጽሐፍ ውስጥ በሥዕል የወጣ፣ ጣልያን አገርም እ.ኤ.አ. በ1775 ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው እህል ነው። በመጨረሻ በ2018 ማብቂያ የሄግ ፍርድ ቤት ይሄ ፈጠራ የለበትም ብሎ የሆላንዱን ፓተንት ሻረው። ማን ከሶ? እኛ መስለናችሁ? የለም። ሁለት ኩባንያዎች እርስ በርሳቸው በገበያ ሲካሰሱ ነው። የእናቶቻችን ሊጥ ነጻ የወጣው በሰው ጠብ መካከል ነው። ዋሽንግተን ያለው ወገናችንም እንጀራውን የሚጋግረው አይዳሆ በምትባል የአሜሪካ ግዛት ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚዘራ ጤፍ ጭምር ነው። እኔ ሌሎች ስለዘሩት አይከፋኝም፤ የዘሩ ባለቤቶች ሲታለሉ የፈረመው ሹም ስሙ አለመታወቁ ግን ይከፋኛል።

እንሰትንም ሳላነሣ አላልፍም። ዊሊያም ሻክ የተባሉ አንትሮፖሎጂስት ስለ ጉራጌ ሕዝብና ስለ እንሰት እ.ኤ.አ. በ1966 መጽሐፍ ጻፉ። በ1997 ደግሞ የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች አንድ ላይ ሆነው ባወጡት ጥናት እንሰትን «ረሃብን የሚመክት ዛፍ» አሉት። ወደ 20 ሚሊዮን ሕዝብ የሚመገበው፣ ድርቅ የሚችል፣ በፈለጉት ጊዜ የሚቆረጥ ተክል ነው። በ1977ቱ ረሃብ የእንሰት አገሮች ከሌላው ይልቅ ተቋቁመዋል። የከተማው ሰው ቆጮን ሲንቅ ኖሮ ዛሬ ክትፎው ያለ ቆጮ ሲመጣለት አስተናጋጁ ላይ ይጮኻል። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ደግሞ ስለ ስንዴና ስለ ገብስ ብዙ ገጽ ሲሰጡ ለእንሰት መስመር ይቆጥቡበታል።

በእነዚህ ሁሉ መጻሕፍት ውስጥ ግን እኔ የምፈልገው ሰው ጎድሎብኛል። በሥርዓተ ግብሩ እንጀራው ይቆጠራል፤ የጋገረችው የለችም። በእንጦጦው ግብዣ ጠጁ ይፈሳል፤ የጣለችው የለችም። ለዚያ ሁሉ ሺህ ሰው የሚሆን ዱቄት በድንጋይ ወፍጮ፣ በመጅ፣ በክንድ ነው የተፈጨው። ቁጭ ብሎ አንድ ቁና ጤፍ የፈጨ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ ምን እንደምል ያውቃል። በትልልቁ ጓዳ ውስጥ ያ ክንድ በብዙው የገረድና የባሪያ ክንድ ነበር፤ ባርነት በሕግ የተሻረው እኮ በ1934 ዓ.ም. ነው። የብልቱን ባለቤት ያወቅን ሰዎች የፈጪዎቹን ስም አንድ እንኳ አናውቅም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሁለት ሴት ተመራማሪዎች፣ ዲያን ላየንስና ካትሪን ዳንድሪያ፣ ትግራይ ገብተው ሴቶቹ ምጣድ ላይ እንዴት እንደሚጋግሩ ተቀምጠው አይተው ስለ ጥንታዊ እርሻ የጻፉት ጥናት አለ። በእነሱ ክርክር ምጣዱ ራሱ ማስረጃ ነው። እንደ ጤፍ ያለ የአገር እህል በምጣድ ይጋገራል፤ ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣው ስንዴና ገብስ ግን ለምድጃ ይስማማል። ስለዚህ የተሰበረ ምጣድ ቁፋሮ ላይ ሲገኝ ምን ይዘራ እንደነበር ይናገራል። ምሁር ጓዳ ሲገባ የሚያገኘው ይህን ነው። ሲጀመር ግን ጫማውን አውልቆ መግባት አለበት።

ለመሰናበት አንድ ጥያቄ አለኝ። ከጠራኋቸው መጻሕፍት በአማርኛ ተጽፎ በእጃችን ያለው «ዝክረ ነገር» ነው። ፓንክረስትን፣ ማካንን፣ የመስፍንን የረሃብ መጽሐፍ እንኳ አማርኛ ብቻ የሚያነብ ሰው አያገኛቸውም። የወረኢሉ ገበሬ ልጅ አባቱ ለምን እንደሞተ የሚያስረዳው መጽሐፍ በማያውቀው ቋንቋ ነው የታተመው። አሳታሚዎች እዚህ መካከላችሁ ተቀምጣችኋል። ስለ ፍቅርና ስለ ስለላ በየሳምንቱ ከምትተረጉሙት ላይ አንዱን ቀንሳችሁ የ302 ቀኑን መጽሐፍ ብትተረጉሙት ምን ይጎድልባችኋል? አይሸጥም እንዳትሉኝ፤ እኔ ራሴ ይህን ወሬ ያወራሁለት ሰው ሁሉ «የት አገኘዋለሁ?» ነው የሚለኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባችን የምንወያየው ስለ «ዝክረ ነገር» የግብር ምዕራፍ ነው። ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የሌላችሁ ደግሞ ቤት ስትገቡ እናቶቻችሁንና አያቶቻችሁን ጠይቁልኝ። በክፉ ቀን ምን ይበላ ነበር? የትኛው ቅጠል፣ የትኛው ሥር? ማን ነበር የሚፈጨው? በወረቀት ጻፉና አምጡ፤ ስሟንም ጻፉ።

 አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።